«ሳቁበት፣ እኔም ጮህኩበት»

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ነኝ፤ ክፍሌ ውስጥ 64 ልጆች አሉ። የምጽፍልዎት እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

ባለፈው ወር ከገጠር ተፈናቅሎ አክስቱ ጋ የመጣ ልጅ ተመደበልኝ። አይናገርም፣ አይረብሽም። አንድ ቀን ሒሳብ እያስተማርኩ መንገድ ላይ የመኪና ጎማ ፈነዳ። ልጁ ዴስክ ሥር ገባ። ጆሮውን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም የሚያሾፍ መስሎኝ «ውጣ! ምን ያስቀልድሃል?» ብዬ ጮህኩበት። ሲወጣ ሱሪው ርሷል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አንዲት ተማሪዬ ሰሌዳ ላይ እየሠራች ወድቃ መንፈራገጥ ጀመረች። ልጆቹ ጮኹ። አንዱ እስክሪብቶ አፏ ውስጥ ሊከት ታገለ። ጥበቃው ክብሪት ጭሮ አሸተታት፣ ውኃ ደፋባት። እኔ ቆሜ አለቅስ ነበር። እውነቴን ነው፣ ቆሜ አለቅስ ነበር። ልጅቷ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳለች፤ አሁን ግን አብሯት የሚቀመጥ የለም። «ይተላለፋል» ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ «ወላጅ ይጠራ» ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም።

ኮሌጅ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ተምሬያለሁ። ይህን ግን ማንም አላስተማረኝም። ምን ማድረግ ነበረብኝ? አሁንስ ምን ላድርግ?

እንቅልፍ ያጣሁት መምህርት፣ ከጎንደር

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ቡና አፍልቼ ነው፤ በባዶ ሆድ የሚነበብ አልነበረም።

መጀመሪያ ስለ ልጅቷ ልጽፍልሽ ነበር። የእሷ ነገር መልሱ ቀለል ይላል። ግን እሷ ተመልሳለች፣ ልጁ ቤት ቀርቷል። ስለዚህ እሱ ይቅደም።

አክስቱ ቤት ሂጂ። «ወላጅ ይምጣ» የሚል ወረቀት አትላኪ። ያ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂዋለሽ። አክስትየዋ ሥራዋን ጥላ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» እያለች ትመጣለች። ልጁ እሷ እስክትመለስ ቅጣቱን ሲያሰላ ይውላል። አንቺው ሂጂ። አዘዞም ይሁን ቀበሌ 18፣ በባጃጅ አንድ ጠዋት ነው የሚፈጅብሽ። ሽንቱ ያመለጠውን ነገር ጎረቤት ባለበት አታንሺ። አክስቱም ላታውቅ ትችላለች። ሱሪውን ደብቆ ራሱ አጥቦት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ያደርገዋል።

ለልጁ የምትይው ብዙ አይደለም። «ያን ቀን ጮህኩብህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ደንግጠህ እንደነበር አልገባኝም።» በቃ። «ግን አንተም...» ብለሽ አትቀጥይ። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ በእኛ ዘንድ አልተለመደም፤ ክብር የሚያወርድ ይመስላል። እኔ ግን ይቅርታ ስለጠየቅሁት የናቀኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

አንድ አደራ አለኝ። «እዚያ ምን አየህ? ማን ሞተ?» ብለሽ አትጎትጉቺው። እኛ ሰው ሲጎዳ ከብበን «እንዴት ሆነ?» ማለት እንወዳለን። ልጅን ግን እንደዚያ ስታስወሪው ያየውን ሁለተኛ ታሳዪዋለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ አለ። ሐኪም ላልሆነ ሰው ጭምር የተጻፈ ነው። ሥራውን በሦስት ቃል ይጠቀልለዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ልጁ ደህና ነው ወይ፣ ምን ጎድሎታል ብለሽ ታያለሽ። ሊያወራ ከፈለገ ታዳምጫለሽ። ካልፈለገ ዝም ብለሽ አጠገቡ ትሆኛለሽ። ከአቅምሽ በላይ ለሆነው ከሚችል ሰው ጋር ታገናኚዋለሽ። ልጅን ታሪኩን እንዲዘረግፍ ማስገደድ እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን ያ ቀን ምን እንደተፈጠረ ላስረዳሽ። የልጁ ሰውነት አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር ተምሯል፦ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲመጣ ተደበቅ። እዚያ ቦታ ላይ ትምህርቱ ልክ ነበር፤ ምናልባትም ነፍሱን ያተረፈው እሱ ነው። ጎማው ሲፈነዳ አእምሮው «ይሄ ጎማ ነው፣ ይሄ ጥይት ነው» ብሎ ለመለየት ጊዜ አላገኘም። እግሩ ቀደመው። ሽንቱም በፈቃዱ አልመጣም። ስለዚህ «ምን ያስቀልድሃል» ስትይው እሱ ከሁሉም ሰው ይልቅ ከምሩ ነበር።

ደግሞ ከተማችንን አስቢያት። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። የባጃጅ ጭስ ማውጫ ይተኩሳል። ሠርግ ላይ የደስታ ተኩስ፣ ለቅሶ ላይ የሐዘን ተኩስ። እኛ ስናድግ ድምፁን ሰምተን «የማን ሠርግ ነው?» እንል ነበር። የዛሬ ልጆች ግን በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ አለፉ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት መጣ። ልጅሽ ብቻውን እንዳይመስልሽ። ከሳቁት 63 ልጆች ውስጥ ድንጋጤያቸውን በሳቅ የሸፈኑ አሉ። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ብሆን መጀመሪያ ጮክ ብለው የሳቁትን ነበር የማያቸው።

ሲመለስ ግድግዳ ተጠግቶ፣ በሩን ማየት የሚችልበት ቦታ አስቀምጪው። ጀርባው ለበር ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሲገላመጥ ይውላል። የምታውቂው ድምፅ ሊመጣ ሲል ቀድመሽ ንገሪ፤ «ደወል ሊደወል ነው»፣ «ዴስክ ልናነሳ ነው፣ ይጮሃል»። ለእሱ ለብቻው ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ። ከእሱ ጋር ደግሞ አንድ ምልክት ተስማሙ። ደብተሩን ገልብጦ ካስቀመጠ ሳያስፈቅድ ወጥቶ ደረጃው ላይ ይቀመጥ። ከመስኮት የምታዪው ቦታ ይሁን።

እንደገና ዴስክ ሥር ቢገባስ? ለክፍሉ የሚሠሩት ነገር ስጪ፤ «ገጽ ይህን አውጡ፣ ጻፉ»። ድምፅሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ከዚያ ጎንበስ በይ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሽ ግድ የለም፣ መሬት ቁጭ በይ። አትጎትቺው። ሳታስፈቅጂ አትንኪው። «እኔ ነኝ። ጎንደር ነህ፣ ክፍል ውስጥ ነህ። ጎማ ነው የፈነዳው፣ አልፏል» በይው። «ደህና ነህ?» አትበይ፤ ደህና እንዳልሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። የሚያየውን ይቁጠርልሽ፦ ቦርሳ፣ ጫማ፣ ጠመኔ። ከዚያ አተነፋፈሱን። «በረጅሙ ተንፍስ» ለልጅ አይገባውም። «ትኩስ ሻይ ይዘሃል እንበል፣ እፍ እያልክ አብርድልኝ» በይው። ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም ልብ እየቀዘቀዘ ይመጣል። አምስት ስኒ ሻይ ያብርድ። አንቺም አብረሽ አብርጂ፤ ያስፈልግሻል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅ መጥቶ «ቲቸር፣ ጭንቀት ይዞኛል» አይልሽም። «ሆዴን አመመኝ» ነው የሚልሽ። ደግሞ አይዋሽም፣ እውነት ያመዋል። ቋንቋችንም እኮ ስሜቱን ሁሉ ሆድ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ፈራ፣ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ይፍጀው። ሰኞ ሰኞ ብቻ ሆዱን የሚያመው ልጅ ካለሽ ወደ ሽንት ቤት ከመላክሽ በፊት እሑድ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አስቢ። በየክፍለ ጊዜው የሚያንቀላፋ፣ ድሮ ጎበዝ የነበረ አሁን ደብተር የማያወጣ፣ በትንሽ ትልቁ የሚማታ፣ ሁሉም አንድ ነገር እየነገሩሽ ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትለዋን ነገር ግን ከክፍልሽ አስወጪያት። በእሷ ምክንያት ስንት ልጅ እንባውን ወደ ቡጢ ቀይሮታል።

ይህን የምልሽ ከላይ ሆኜ እንዳይመስልሽ። በ1991 ዓ.ም. አንድ ልጅ በየቀኑ ክፍል ውስጥ ይተኛብኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በማስመሪያ እጁን መታሁት። አላለቀሰም፤ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ። በዕረፍት ሰዓት ጓደኛው መጥቶ «ቲቸር፣ እናቱ ሞታ ሌሊቱን ለቅሶ ላይ ነው የሚያድረው» አለኝ። ሕገ መንግሥቱ እኮ ያኔ ወጥቷል፤ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። እኔ ግን ሕጉንም አላነበብኩ፣ ልጁንም አላየሁ። ያ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ነው። ፒያሳ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ይስመኛል። እኔ ግን በሳመኝ ቁጥር እጁን ነው የማየው።

ወደ ልጅቷ እንሂድ።

የሚጥል በሽታ ሲነሳ የአንቺ ሥራ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሌላው ሰው እንዳይጎዳት መከልከል ነው። መጀመሪያ የምታዪው ሰዓትሽን ነው። አትሳቂ። ለአንቺ አንድ ሰዓት የሚመስልሽ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ሐኪምም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ብሎ ነው።

ከዚያ ዴስክና ወንበሩን ከአጠገቧ አርቂ። ነጠላሽን ወይ የአንድ ልጅ ሹራብ አጥፈሽ ጭንቅላቷ ሥር አድርጊ። አንገቷ ላይ ጠበቅ ያለ ካለ አላሊ። እንደቻልሽ ወደ ጎን አዙሪያት፤ ምራቁና አረፋው ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ አያንቃትም። እጅና እግሯን ይዘሽ አትታገዪ። አፏ ውስጥ ምንም፣ ምንም አይግባ። ማንኪያም፣ እስክሪብቶም፣ ጣትም። ምላስ አይዋጥም። የሚሰበረው ጥርስ ነው፣ የሚነከሰው ያንቺ ጣት ነው። ውኃውም ይቅር፤ ራሷን ሳታውቅ ቢገባባት ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው።

ክብሪቱን በተመለከተ ከጥበቃው ጋር አትጣዪ፤ እሱም ከእናቱ የተማረውን ነው ያደረገው። ግን ክብሪት ምንም አያደርግም። መንፈራገጡ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ክብሪቱ በሰዓቱ እዚያ ስለነበረ ያልሠራበትን ምስጋና ይወስዳል። ቁጭ ብለሽ በደህና ቀን አስረጂው። ነገ ከነገ ወዲያ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው።

አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳትነቃ ሁለተኛ ከጀመራት፣ ስትወድቅ ከተጎዳች፣ መተንፈስ ካስቸገራት፣ ወይም በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ካልደረሰ ባጃጅም ይሁን፤ ግን በጎኗ አስተኝተሽ፣ አንድ ትልቅ ሰው ይዟት። በራሱ ካቆመ ደግሞ ነጠላ አልብሻት፤ ሽንት ሊያመልጥ ይችላል፣ ሌላው ማየት የለበትም። ስትነቃ ግራ ይገባታል፣ ትደክማለች፣ መተኛት ትፈልጋለች። ትተኛ። ብቻዋን ወደ ቤት እንዳትልኪያት።

ሌሎቹን ልጆች ወዲያው አስወጪ። አለቃቸው ሰልፍ ይዞ ወደ ሜዳ ይውሰዳቸው። ይህ ለልጅቷ ክብር ነው፤ ሌላም ምክንያት አለው። አንዱ ሲወድቅ ያየ፣ የፈራ ልጅ እሱም ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው። እያስመሰሉ አይደለም፣ ድንጋጤ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል። ጩኸቱ በበረደ ቁጥር ይህም ይበርዳል።

በሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቷት የወደቀች ደግሞ ሌላ ነገር ናት። አብዛኛውን ጊዜ አትንፈራገጥም፣ ትዝለፈለፋለች። ጥላ ውስጥ አስተኝተሽ እግሯን ከፍ አድርጊ፤ በደንብ ስትነቃ የሚጠጣ ስጫት። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ይህን ደጋግመሽ ታዪዋለሽ። «ጠዋት ምን በላሽ?» ብለሽ ግን በጾም ብቻ አታሳብቢ። ያለ ጾምም ሳይበሉ የሚመጡ አሉ።

አሁን «ይተላለፋል» ወደሚለው። የሚጥል በሽታ አእምሮ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሥራ ለአፍታ ሲዛባ የሚመጣ ነው። በትንፋሽ አይተላለፍም፣ በአረፋ አይተላለፍም፣ በዴስክ አይተላለፍም። ይህ ወሬ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በአገራችን ምድጃ ላይ ወድቀው «ከነካኋቸው ይይዘኛል» ተብሎ ሳይነሱ የተቃጠሉ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ክፍሉን ዝም ብለሽ አትለፊው።

ግን ከክፍሉ በፊት ልጅቷንና እናቷን አነጋግሪ። ስለ እሷ ምን እንደሚባል የምትወስነው እሷ ናት። «ስለ በሽታው ለልጆቹ ላስረዳ፣ ስምሽን ሳልጠራ፤ እሺ ትያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። እናቷን ደግሞ ሕክምና እንደጀመሩ ጠይቂ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጤና ጣቢያ ድረስ ይገኛል፤ ብዙዎቹ በትክክል ከወሰዱት አይነሳባቸውም። ችግሩ መቋረጡ ነው። ጠበል ሲገቡ ያቆሙታል፣ ጾም ሲመጣ ያቆሙታል። ድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ በሽታው ብሶ ይመጣል። እኔ ጠበሉን ተዪ አልልም፤ ራሴም እሄዳለሁ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም ነው። «ኪኒን ያስገድፋል ወይ?» ካሉሽ ለነፍስ አባታቸው ይጠይቁ፤ ሙስሊም ከሆኑም ሼሁን ይጠይቁ። አንቺ በዚህ አትከራከሪ። ብቻ ልጅቷ ሐኪም ሳታማክር መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ።

ክፍሉ ውስጥ ንግግር አታብዢ። በሁለት ደቂቃ ንገሪያቸው፦ ምን እንደሆነ፣ እንደማይተላለፍ፣ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ። ከዚያ ሥራ አካፍያቸው። ሰዓት የሚይዝ፣ ዴስክ የሚያርቅ፣ ለዩኒት ሊደሯ የሚሮጥ። ልጅ ሥራ ሲሰጠው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ትምህርት ቤታችሁ የቀይ መስቀል ክበብ ካለው ደግሞ በየወሩ ቢለማመዱት እንዴት ባማረ። አቀማመጡን በተመለከተ እሷን ብቻ አታዛውሪ። 64ቱንም አንድ ቀን እንደ አዲስ አደላድያቸው፤ «የወሩ ቅያሪ ነው» በይ። ንባብ ሰዓት ላይ ደብተርሽን ይዘሽ ሄደሽ እሷ ጎን ቁጭ በይ። አሥር ደቂቃ ብቻ። ምንም አትናገሪ። ልጆች ከመምህር አፍ ይልቅ መምህር የት እንደተቀመጠ ያያሉ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎንደር ነን፣ ልዘለው አልችልም። ተኩስ ቢሰማስ? እውነተኛው። በሩን ዝጊ፣ ልጆቹን ከመስኮት አርቀሽ ግድግዳ ሥር መሬት ላይ አስቀምጪ። ማንም ወደ መንገድ አይሩጥ፤ ቤቱ ቅርብ የሆነውም ቢሆን። ቁጠሪያቸው። ስልክ ደውለው «ምን ተፈጠረ?» የሚሉትን ሁሉ አትመልሺ፤ ለክፍሉ ጮክ ብለሽ ደግሞ ፌስቡክ አታንብቢ። «ምንም የለም» አትበያቸው፤ ጆሮ አላቸው። «ተኩስ ይሰማል። እዚህ ከኔ ጋር ናችሁ። እስኪያልፍ አንወጣም» በይ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚባል ነገር፣ የማባዛት ሠንጠረዥ ይሁን ተረት፣ አብራችሁ በሉ። ሲያልፍ ልጅ የምታስረክቢው ለምታውቂው ሰው ብቻ ነው። ይህን ደግሞ በደህና ቀን አንድ ጊዜ ተለማመዱት፣ ሳታስፈራሪ። ያኔ የዴስኩ ልጅ ከሁሉም የተሻለ እንደሚያውቅ ታያለሽ። ባለሙያው እሱ ነው።

መቼ ነው ለሌላ ሰው የምታስተላልፊው? ልጁ ከወር በላይ ካልተኛ፣ ካልበላ፣ ካልተጫወተ፣ ካላወራ፣ አክስቱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል። ብዙ ልጆች በየቀኑ የሚያውቁት ሰው፣ የሚያውቁት ሰዓት፣ የሚያውቁት ደወል ካገኙ ያለ ሐኪም ይሽራሉ። አንድ ልጅ ግን «ብሞት ይሻላል» ቢልሽ፣ ደብተሩ ላይ እንኳ ቢጽፈው፣ ወር አትጠብቂ። ዛሬውኑ ነው። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ካለበት ግን ትንፋሽ ይሰጠዋል። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። «ላንተ ደህንነት ስል ለአንድ ሰው እነግራለሁ፤ አብረን እንንገረው» በይው። ብቻውንም አትተዪው።

ስለ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ብዙ አልልም። እሳቸውም ይህን ያስተማራቸው የለም። ጎንደር ግን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። የነርሲንግ ተማሪ የማይከራይበት ሠፈር አለ? ከመካከላቸው ሁለቱን ጠርቶ ለመምህራኑና ለጥበቃው አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ እርዳታ ማስተማር ያን ያህል በጀት አይፈልግም፤ ሻይና ዳቦ ነው። ጥያቄውን በወረቀት ጽፈሽ አስገቢላቸው። በቃል ከጠየቅሽ «እናስብበታለን» ነው መልሱ።

አንቺስ? ቆመሽ ማልቀስሽ ነው ደጋግመሽ የጻፍሽው። ሰው ሲደነግጥ ይሮጣል፣ ይጣላል፣ ወይ ባለበት ይደርቃል። አንቺ ደርቀሻል። ልጁ ዴስክ ሥር ገባ፣ አንቺ ሰሌዳው ጋ ቆመሽ ቀረሽ፤ የሁለታችሁም አንድ ነገር ነው። አንቺም እኮ ያው ድምፅ የሚሰማበት ከተማ ውስጥ ነው የምታድሪው። ይህን ለምታምኛት አንዲት ባልደረባ አውሪያት። በስልክ ሳይሆን፣ ቡና ላይ። አሁንም ከሳምንታት በኋላ እንቅልፍ ካልመጣልሽ ለልጁ ያልኩሽ የሕክምና ክፍል ላንቺም ክፍት ነው።

እስከዚያው ጥቂት ነገር አዘጋጂ። የ64ቱም ወላጅ ስልክ በአንድ ወረቀት፣ ሰሌዳው ጀርባ ተለጥፎ። በር ላይ የሚቆም የአንድ ባጃጅ ሹፌር ቁጥር። የእጅ ሰዓት፤ ስልክሽ ሲፈለግ ባትሪ የለውም። አንድ አሮጌ ነጠላ። በአንድ ፌስታል ደግሞ ሁለት ሱሪና አንድ ጉርድ ቀሚስ ከቤት አምጥተሽ መምህራን ክፍል ካለው መሳቢያሽ አስቀምጪ። ስፋቱ ልክ ባይሆን ገመድ ይታሠርበታል። ፌስታሉ መኖሩን ለዴስኩ ልጅ አሳዪው፣ ለእሱ ነው አትበዪው። ቁልፉ ያንቺ ይሁን፤ መለዋወጫው ግን ጥበቃው ጋ ይቀመጥ፣ አንቺ የቀረሽ ቀንም ይደርሳል።